ኮርፐስ

በላቲን «አካል» ማለት ነው። በቋንቋ ጥናት ደግሞ ለአንድ ዓላማ ተመርጦ የተሰበሰበና በኮምፒውተር የሚፈተሽ የጽሑፍ ወይም የንግግር ክምችት። ያገኙትን ሁሉ ማጎር ኮርፐስ አያሰኝም።

የአጻጻፍ ስልትን ለማጥናት የሚጠቅመው በንጽጽር ነው። የደራሲው የሐዲስ ዓለማየሁ ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው ብንል «ከማን?» መባላችን አይቀርም። መልሱ ያለው በዘመኑ ከታተሙ ልቦለዶች ስብስብ ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቃል ክፍሉ የተለየለት የዋልታ ኢንፎርሜሽን ማዕከል የዜና ክምችት 210,000 ያህል ቃላት አሉት፤ ዜና ብቻ በመሆኑ ግን ለልቦለድ ሚዛን አይሆንም።

ቆጠራውም ጣጣ አለው። «ለቤቱ» እና «ከቤታችን» ወደ «ቤት» ካልተመለሱ አንዱ ቃል ይበታተናል። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለቆጠራ አንድ ቢደረጉም፣ የሆሄ ምርጫ ራሱ የደራሲው ስልት ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ።

በሀዲያ ዞን ባለችው በጊምቢቹ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሀዲይኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ እንደ «ፀ» እና «ጸ» ያሉ የሞክሼ ሆሄያት ችግር የለበትም፤ የሚያንሰው የተጻፈው ነው። ስለዚህ ሥራው ከሽማግሌዎች ተረት ይጀምራል። የሚቀዳ ሰው ተራኪው ማን እንደሆነ፣ የትና ለማን እንደተረከ አብሮ ይመዝግብ፤ ያለዚያ የተራኪውን ስልት ከተረቱ መለየት አይቻልም።