የ7 ሰዓት ሀራራ

ጀጎል ውስጥ ተወልዶ ያደገ አንድ ጓደኛ አለኝ። ቀን 7 ሰዓት ሲሆን ማዛጋት ይጀምራል። 7 ተኩል ላይ ብታናግሩትም አይሰማችሁም፤ ዓይኑ በር በሩን ነው። 8 ሰዓት ላይ ጫቱ ካልቀረበ ዝም ማለት ይሻላል፤ ራሱም «ሀራራ ላይ ነኝ፣ በኋላ እናውራ» ይላል። ለማቆም ስንት ጊዜ እንደሞከረ እሱም እኔም መቁጠር ትተናል። አንዴ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን 8 ሰዓት ላይ የት እንዳገኘሁት መናገር አያስፈልግም።

ይሄው ሰው ረመዳን ሲገባ 7 ሰዓት ላይ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሒሳቡን ይሠራል። ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ያዛጋልም። በር በሩን ግን አያይም። «ሀራራህስ?» ብለው እንደ ሞኝ አየኝ።

«አቦ ተወኝ፣ ጾም አይደለም እንዴ!»

ሲሰሙት በቂ መልስ ይመስላል። ግን ቅጠሉ ያው ቅጠል፣ ሰውነቱም ያው ሰውነት ነው። ትናንት በዚህ ሰዓት እጁን ያንቀጠቀጠው ነገር ዛሬ የት ገባ? ጥያቄው አለቅ ሲለኝ ማንበብ ጀመርኩ። ሳላስበው ከሐረር ዓደን፣ ከዓደን ደግሞ አውሮፕላን ውስጥ የሚሠሩ አስተናጋጆች ጋ አደረሰኝ።

መጀመሪያ ግን ለምን 7 ሰዓት? ጫትን የሚያነቃቃ የሚያደርገው ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ሁለት ቀን ያለፈው ጫት ብዙም ዋጋ የለውም። ስለዚህ በጠዋት ይቆረጣል፣ በሙዝ ቅጠል ይጠቀለላል፣ በአወዳይ ገበያ በኩል እየተጣደፈ ይበተናል። ጅቡቲም የሚደርሰው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ከተማዋም ሰዓቷን በእሱ ትሞላለች። የበርጫውን ሰዓት ከሰው በፊት የወሰነው ቅጠሉ ራሱ ነው ማለት ይቻላል።

ቦታውን የወሰነው ደግሞ ቤቱ ነው። የሐረሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነደባዎቹን ያስታውሳል፤ ቀይ የተቀቡ፣ ምንጣፍ የለበሱ፣ ደረጃ በደረጃ የሚወጡ አምስት መቀመጫዎች። የቤቱ ባለቤት የሚቀመጥበት አሚር ነደባ ፊቱን ወደ በሩ ያደርጋል። ሌላው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ቦታ ቦታውን ይይዛል። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ በ8 ሰዓት የገባ ሰው «ዛሬ አልቅምም» ሲል ውሳኔው የግሉ አይመስልም፤ አንድ ቦታ ባዶ ያደረገ ይመስላል። ጓደኛዬ አራተኛው ቀን ላይ የወደቀው በዚህ ይመስለኛል። ቅጠሉን ሦስት ቀን ችሎት ነበር። ያልቻለው ቦታውን ባዶ ማድረግ ነው።

የጫትና የዚህ አካባቢ ዝምድና ረጅም ነው። የ1332ቱን የዐፄ ዓምደ ጽዮንን ዘመቻ የሚተርከው ዜና መዋዕል የይፋቱ ሰብረ ዲን ሲዝት ያሰማናል፤ የንጉሡን መቀመጫ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ፣ ሙስሊሞች ይወዱታልና፣ ይላል። ከቀደምቶቹ የጽሑፍ ማስረጃዎች አንዱ ይሄ ዛቻ ነው። በጥር 1855 ሪቻርድ በርተን ሐረር ገብቶ ለአሥር ቀን ሲቆይ ጫቱን ያየው በኡለሞች ዘንድ ነበር፤ እነሱም የመንፈሳውያን ምግብ አድርገው ይቆጥሩት እንደነበር ጽፏል። ለንባብና ለሌሊት ዚክር ይረዳል ተብሎ በሊቃውንት እጅ የነበረው ቅጠል የብዙኃኑ የከሰዓት ልማድ ለመሆን ገበያና መንገድ ያስፈልገው ነበር። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አውሮፕላን መጣ፤ የሐረር ጫት ከድሬዳዋ ተነስቶ በጥቂት ሰዓት ዓደን መግባት ጀመረ።

ታሪኩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ዓደን ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ናት። ሹሞቹ ሠራተኛው ደመወዙን በቅጠል ጨረሰ፣ ቤተሰብ ተራበ፣ እንቅልፍ ጠፋ ብለው ተጨነቁ። ጭንቀቱ ከንቱ አልነበረም፤ ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ኪስም ያራቁታል። ሚያዝያ 1 ቀን 1957 ጫት ዓደን ውስጥ ተከለከለ።

ግን ክልከላው የሚሠራው በቅኝ ግዛቷ ወሰን ውስጥ ብቻ ነበር። ከወሰኑ ወዲያ ያለው የላሕጅ ሱልጣኔት የራሱ ሕግ ነበረው። ስለዚህ ሰዉ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ እየተሳፈረ ላሕጅ ድረስ ሄዶ ቅሞ ይመለስ ጀመር። አስቡት፤ ለማቆም ሳይሆን ለመቃም የጉዞ ፕሮግራም! ኮንትሮባንዱም ደራ። በ1958 ክልከላው ተነሳ፤ መንግሥት ቀረጡን መሰብሰብ መረጠ። በ1983 ሶማሊያ ውስጥ ዚያድ ባሬም ከለከለ፤ ዋጋው ተወደደ፣ ጥቁር ገበያው ሰፋ፣ ቂም ተረፈ። እሱን እዚህ ላይ ልተወው።

ሌላው ሙከራ ግን ትኩረት ይፈልጋል። እንግሊዝ ከወጣ በኋላ ዓደንን ዋና ከተማው ያደረገው የደቡብ የመን መንግሥት በ1977 አዲስ ሕግ አወጣ። ጫትን ጨርሶ አልከለከለም። ከሳምንቱ የዕረፍት ቀንና ከበዓላት ውጪ አይቃምም አለ። ያችው ከተማ፣ ያው ቅጠል። ይሄኛው ሕግ ግን በዓመቱ አልፈረሰም፤ ሁለቱ የመኖች በ1990 እስኪዋሐዱ ቆየ። መንግሥቱ ጨካኝ የአንድ ፓርቲ መንግሥት ነበር፤ ፍርሃትም የራሱ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ግን ፍርሃት ዚያድ ባሬም ዘንድ ሞልቶ ነበር።

ልዩነቱን የተረዳሁት ሩቨን ዳር የተባለ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሠራውን ሳነብ ነው። ዳር በ2005 ባወጣው ጥናት ሰንበትን አጥብቀው የሚያከብሩ አጫሽ አይሁዶችን ጠየቀ። በሰንበት እሳት መለኮስ ክልክል ስለሆነ አያጨሱም። በሰንበት የሚሰማቸው የሲጋራ ሀራራ በሥራ ቀን እንዳያጨሱ ሲደረጉ ከሚሰማቸው በጣም ያነሰ ሆነ። በ2010 ደግሞ እሱና ባልደረቦቹ አጫሽ የበረራ አስተናጋጆችን ወሰዱ፤ እነዚያው ሰዎች አንዴ አጭር፣ አንዴ ረጅም በረራ ላይ። ሀራራ ከመጨረሻው ሲጋራ በኋላ ባለፈው ሰዓት ልክ የሚጨምር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የተገኘው ሌላ ነው። የሦስት ሰዓቱ በረራ ሊያርፍ ሲል ያለው ሀራራ የአሥራ ምናምን ሰዓቱ በረራ መሐል ላይ ካለው በልጦ ተገኘ። ሰውነታቸው የሚቆጥረው ያለፈውን ሰዓት ሳይሆን የቀረውን ነበር።

እንግዲህ የጓደኛዬን ዓይን አስታውሱ። በር በሩን። ሀራራው የሚነሳው ቅጠሉ ስለቀረበት ብቻ አይደለም፤ በማንኛውም ደቂቃ ሊገባ ስለሚችል ነው። ረመዳን ሲሆን 7 ሰዓት ላይ ማንም በዚያ በር አይገባም፤ የሚከፈትበት ሰዓትም የታወቀ ነው፣ መግሪብ። የ1957ቷ ዓደን በሩን ዘግታ ላሕጅ ላይ ክፍት ተወችው። የ1977ቷ ደግሞ በሩ የሚከፈትበትን ቀን ነገረች፤ ቀሪውን ቀን ለሁሉም እኩል ዘጋች።

«ለሁሉም» የምትለዋ ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ሥጋ ሲያጥር ሰዉ ልብና ኩላሊት እንዲበላ ተፈለገ። (ዱለት የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ መሳቁ አይቀርም፤ እነሱ ግን ይጠየፉት ነበር።) ከርት ሌዊን የሚባለው የሥነ ልቦና ሊቅ የቤት እመቤቶችን በቡድን ከፈለ። ከፊሎቹ ስለ ቫይታሚኑና ስለ ጦርነቱ ጥሩ ንግግር ሰሙ፤ ከፊሎቹ እርስ በርሳቸው ተወያይተው መጨረሻ ላይ እጅ አውጥተው ወሰኑ። ንግግር ከሰሙት ውስጥ ያልለመዱትን ሥጋ ሞክረው ያቀረቡት 3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ አብረው ከወሰኑት 32 በመቶ። በ1943 የታተመ ውጤት ነው። እኛ ጋ ስለ ጫት የሚለጠፈው ፖስተርና በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ገለጻ ግን እስከዛሬ ባለ 3 በመቶው ወገን ነው። ሐረር ውስጥ ደግሞ አብሮ መወሰኛ ጠፍቶ አይደለም። አፎቻ አለ፤ ሠርግና ኀዘን ሲመጣ የሚረዳዱበት፣ ወንዱም ሴቱም በየራሱ የሚሰበሰብበት ማኅበር። እንዲህ ያለ ነገር ያላት ከተማ ሰውን ለብቻው «ቻለው» ብላ መተዋ ይገርመኛል።

ረመዳንን ግን ቅዱስ መድኃኒት አድርጌ እንዳላቀርበው። ብዙ ቤት ውስጥ ጫቱ ከኢፍጧርና ከተራዊሕ በኋላ ይቀርባል፤ እስከ ሱሑር የሚቀጥልም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ቀኑን መጾም ለማን ጤና ይሆናል? ልማዱ ተዛወረ እንጂ አልሞተም። ኢድ አልፎ፣ ስድስቱ የሸዋል ጾም አልቆ፣ ሸዋል ኢድ ተከብሮ ከተማው ሲረጋጋ የ7 ሰዓቷ ማዛጋት ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ቢሆንም በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ቀን ውስጥ፣ ያለ ክኒንና ያለ ምክር፣ ሀራራውን ከቀን ወደ ማታ ማዛወር ከቻለ «አልችልም» የሚለው ቃል ትርጉሙ እንደገና መታየት አለበት።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ነገርኩት። አስተናጋጆቹን ወደዳቸው፤ እንግሊዞቹ ላይ ሳቀ። «ማቆም» የሚለውን ቃል እንዳላነሳበት አስማለኝና አብረውት የሚቅሙትን ሦስት ሰዎች ሰበሰበ። አንድ ከሰዓት ሙሉ ተከራከሩ (እየቃሙ፣ ምን ይደረግ)። ሐሙስና ዓርብ ብቻ ተባባሉ። በሌሎቹ ቀናት 8 ሰዓት ላይ እቤቱ ማንም አይመጣም፤ የሚመጣ ካለም ባዶ እጁን ሆኖ ሻይ ሊጠጣ ነው።

ሰባተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። አንዱ በሁለተኛው ሳምንት ወጥቶ ሌላ በርጫ ገባ። ጓደኛዬም አንድ ሰኞና አንድ ቅዳሜ ተሰናክሏል፤ በነጋታው ግን ተመልሷል። ትናንት ማክሰኞ 7 ተኩል ላይ ሱቁ ጎራ ስል እያዛጋ አገኘሁት። በሩን አላየም። ቀና ብሎ «ሐሙስ ስንት ቀን ቀረው?» አለኝ።

«ሁለት» አልኩት።