ከፍቺ በኋላ፦ የእናቶቻችን ሐቅና የቀደምቶቻችን ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዛሬው ርዕሳችን በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ በየሰፈሩ የምናውቃቸውን እናቶች ይመለከታል። ሃያ ዓመት በትዳር ኖረው፣ ልጅ ወልደው አሳድገው፣ አርባውን ካለፉ በኋላ «ፈትቼሻለሁ» ተብለው ከቤት የሚወጡ እናቶች አሉ። ብዙውን ጊዜ ምስክርም ሆነ ወረቀት የለም። ጎረቤትም «በዚህ ዕድሜዋ ከእንግዲህ ምን ልትሆን ነው?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ ታሪካችን ከ1400 ዓመት በፊት መልስ ሰጥቶበታል።

ኸውላ ቢንት ሠዕለባ (ረ.ዐ) ዕድሜዋ የገፋ፣ የልጆች እናት ነበረች። ባሏ አውስ ኢብኑ ሷሚት ተቆጥቶ በጃሂሊያ ልማድ እንደ ፍቺ በሚቆጠረው የዚሃር ቃል ተናገራት። እርሷም ዝም አላለችም፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሄዳ ተከራከረች፤ ለአላህም አቤት አለች። ሱረቱል ሙጃደላ በእርሷ ጉዳይ ወረደች። የጃሂሊያው ልማድ ተሻረ፤ ቃሉን የተናገረው ባልም ከፋራ እንዲከፍል ታዘዘ። ያረጀች ሴት አቤቱታ ሰሚ እንዳለው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እንሻለን?

ሌላዋ የጃቢር (ረ.ዐ) አክስት ናት። መመለስ በሌለው ጠላቅ ተፈትታ ዒዳ ላይ ሳለች የተምር ፍሬዋን ልትለቅም ፈለገች። አንድ ሰው «እንዴት ትወጫለሽ?» ብሎ ገሠጻት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ወጥታ ተምሯን እንድትለቅም ፈቀዱላት፤ ምናልባት ከእርሱ ትመጸውቺበታለሽ ወይም መልካም ትሠሪበታለሽ የሚል ምክንያትም ሰጡ። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ እንበል፤ የተፈታችው ሴት የሚታዘንላት ተረጂ ሆና አልታየችም፤ ነገ ለሌላው የምትሰጥ ባለ ሀብት ሆና ታየች።

የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ከዘይድ (ረ.ዐ) ጋር ከተፋታች በኋላ ነው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያገቧት። በእጇ ቆዳ እያለፋችና እየሰፋች የምታገኘውን ትመጸውት ነበር። እንጀራ ጋግራ፣ በርበሬ አዘጋጅታ ወይም ጉሊት ተቀምጣ ልጆቿን የምታሳድግ የሰፈራችን እናት ብታፍርበት የማይገባት ሥራ ይህ ነው።

ቁርኣንም ሐቋን ዘርዝሯል። ሱረቱ ጠላቅ በዒዳዋ ጊዜ ከቤት እንዳትባረር ያዛል፤ ሁለት ፍትሐዊ ምስክሮች እንዲቆሙም ያዛል። የወር አበባዋ ለተቋረጠ ሴት ዒዳው ሦስት ወር ነው። ያልተከፈለ መህር በባል ላይ ያለ ዕዳ ነው። በሱረቱል በቀራህ ደግሞ ለተፈቱ ሴቶች በመልካም አኳኋን ሙትዓ፣ ማለትም መጽናኛ ስጦታ፣ ተደንግጓል። ስንቶቻችን ነን ፈትተን ይህንን የከፈልን?

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1944 (እ.ኤ.አ) የወጣው የናኢባና የቃዲዎች ምክር ቤት አዋጅ የሙስሊሞችን የጋብቻ፣ የፍቺና የውርስ ጉዳይ ለቃዲዎች ሰጠ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ምንም ሳይል ቢወጣም ፍርድ ቤቶቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በተከራካሪዎች ፈቃድ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ከፈተ። በ1992 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አጠናከረ። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 213፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ወጣ።

እዚህ ላይ እህቶቻችን በደንብ ያዳምጡን። በአዋጅ 188 መሠረት ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው። አንዴ ከመረጡ በኋላ ወደ ሌላው መዞር አይቻልም። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽም እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ስለዚህ መጥሪያን ችላ ማለት ራስን መጉዳት ነው። በቤተሰብ ሕጉ በትዳር ውስጥ በሁለቱ ጥረት የተፈራ ንብረት የጋራ ሆኖ እኩል ይካፈላል። በፊቅህ ደግሞ የባልም የሚስትም ሀብት ለየራሱ ነው። እንጀራ ሸጣ ያገኘችውን በባሏ ስም በተሠራው ቤት ላይ ያፈሰሰች እናት ያንን የሚያሳይ ደረሰኝ ወይም ምስክር ከሌላት ሐቋ ሊጠፋ ይችላል። ዲናችን ዕዳን እንኳ እንድንጽፍ አዞናል፤ በባልና ሚስት መካከል መጻፍ አለመተማመን ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ስለሆነም ኒካሁም ፍቺውም በጽሑፍ ይሁን፤ በወረዳም ይመዝገብ። መህሩ መጠኑ ይጻፍ። እድሩ በባል ስም ብቻ ከነበረ እህታችን በራሷ ስም ትግባ። ወንድሞቿም ቤታቸው ሲቀበሏት «ዕጣ ፈንታሽ ነው» ብለው አይተዉአት፤ አብረዋት ቃዲ ዘንድ ይሂዱ። መልካም ባል ቢመጣላትም «በዚህ ዕድሜ?» ብለን አናሳፍራት። ሰሓቢያት ተፈትተው ያገቡ ነበር፤ ማንም አልነቀፋቸውም።

የፈታህ ወንድማችንም ሆይ፣ ጠላቅ የተፈቀደልህ በመልካም አኳኋን እንድትለያይ ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለችህን ሴት ሐቅ በልተህ ሶላትህ ሰላም ይሰጥሃልን?

አላህ የተበደሉትን ሐቃቸውን የሚያስመልስ፣ ቤታቸውንም በሐላል ሲሳይ የሚሞላ ይሁን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።