የፍንዳታው ሰፈር፦ ጋላክሲዎች ስለ ጋማ ጨረር ፍንዳታ ምንጭ የሰጡት ምስክርነት



የዛሬው ንግግሬ የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው። የጋማ ጨረር ፍንዳታ ከምን ይመነጫል? ለጥያቄው ከተገኘው መልስ አብዛኛው የመጣው ብልጭታውን ራሱን በመመርመር ብቻ አይደለም፤ ብልጭታው የታየበትን ሰፈር፣ ማለትም አስተናጋጅ ጋላክሲውን በማጥናት ጭምር ነው። ይህ ለታሪክም ሆነ ለምርምር ዘዴ ትምህርት የሚሰጥ ይመስለኛል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከቀዝቃዛው ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የኑክሌር ሙከራን በከፊል የሚያግደው ስምምነት ሲፈረም፣ ዩናይትድ ስቴትስ በኅዋ ድብቅ ሙከራ መደረጉን የሚከታተሉ ቬላ የተባሉ ሳተላይቶችን ማምጠቅ ጀመረች። እነዚህ ሳተላይቶች በጁላይ 2 ቀን 1967 የኑክሌር ፍንዳታን የማይመስል የጋማ ጨረር ብልጭታ መዘገቡ። በ1973 የሎስ አላሞስ ተመራማሪዎች ሬይ ክሌብሳዴል፣ ኢያን ስትሮንግና ሮይ ኦልሰን 16 ፍንዳታዎችን ለሳይንሱ ዓለም ይፋ አደረጉ። ምንጫቸው ምድርም ፀሐይም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመታት በላይ የቆየው ችግር ርቀታቸውን አለማወቅ ነው። ብልጭታው በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል፤ የዘመኑ የጋማ ጨረር መሣሪያዎችም ከሰማይ የትኛው ነጥብ እንደመጣ በትክክል ማመልከት አይችሉም ነበር። በ1991 በመጠቀው የኮምፕተን ሳተላይት ላይ የነበረው ባትሲ የተባለ መሣሪያ በአገልግሎት ዘመኑ 2,704 ፍንዳታዎችን መዘገበ። ፍንዳታዎቹ በሰማይ ሁሉ እኩል ተበትነው እንጂ ፍኖተ ሐሊብን ተከትለው አልተገኙም። በኤፕሪል 1995 በዋሽንግተን በተካሄደው ክርክር ቦህዳን ፓቺንስኪ ይህ ሥርጭት ምንጮቹ በሩቅ ጋላክሲዎች መሆናቸውን ያሳያል ሲል፣ ዶናልድ ላምብ በበኩሉ የእኛን ጋላክሲ ከሩቅ በከበበ ሰፊ ቀጠና ውስጥ እንደሆኑ ተከራከረ። ሁለቱም የተመለከቱት የሰማይ ካርታ አንድ ነበር። በዚያው ካርታ ላይ ሌላ ሺህ ነጥብ ቢጨመር እንኳ ክርክሩ መቋጫ ማግኘቱ ያጠራጥር ነበር፤ የጎደለው ሌላ ዓይነት ማስረጃ ነውና።

ያ ማስረጃ በ1997 መጣ። ቤፖሳክስ የተባለው የጣሊያንና የኔዘርላንድስ ሳተላይት በፌብሩዋሪ 28 የታየን ፍንዳታ በኤክስሬይ ተከታትሎ ሥፍራውን በሰዓታት ውስጥ አጠበበው። የምድር ቴሌስኮፖችም በሥፍራው እየደበዘዘ የሚሄድ ብርሃን፣ ከሥሩም ደብዛዛ ጋላክሲ አገኙ። በሜይ 8 ለታየው ሌላ ፍንዳታ ደግሞ በሃዋይ የሚገኘው የኬክ ቴሌስኮፕ የብርሃኑን ኅብረ ቀለም ተነተነ። ብርሃኑ ወደ እኛ ሲጓዝ ሰባት ቢሊዮን ዓመት ገደማ እንደፈጀ ታወቀ። የርቀቱ ክርክር በዚህ አበቃ።

ርቀቱ ሲታወቅ ጥያቄው ወደ ሰፈሩ ጠባይ ዞረ። ከሁለት ሰከንድ በላይ የሚቆዩት ረጃጅም ፍንዳታዎች በብዛት የሚገኙት በትናንሽ፣ ቅርጻቸው ባልተስተካከለ፣ አዳዲስ ከዋክብት በሚወለዱባቸው ጋላክሲዎች ውስጥ ነው። በ2006 በአንድሩ ፍሩክተር የተመራው ቡድን በሀብል ቴሌስኮፕ ምስሎች እንዳሳየው፣ ፍንዳታዎቹ ይበልጥ የሚከማቹት በጋላክሲዎቹ እጅግ ደማቅ ክፍሎች ላይ ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ግዙፍ ከዋክብት ዕድሜያቸው አጭር በመሆኑ ከተወለዱበት ሳይርቁ ይሞታሉ። በ1998ና በ2003 ከፍንዳታዎች ጋር አብረው የታዩት ሱፐርኖቫዎችም ይህንኑ አጸኑ።

አጫጭሮቹ ግን ሌላ ታሪክ ነበራቸው። በሜይ 9 ቀን 2005 ስዊፍት የተባለው ሳተላይት ያመለከተው አጭር ፍንዳታ፣ የከዋክብት ልደት ከቆመበት ትልቅ ሞላላ ጋላክሲ አጠገብ ነበር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኤክስሬይ የተለየው ሥፍራ ሌሎች ደብዛዛ ጋላክሲዎችንም ያካትት ስለነበር፣ ዝምድናው የተነገረው በዕድል ስሌት ነው። ተከታዮቹ ፍንዳታዎች ግን ሐሳቡን አጠናከሩት፤ ከፊሎቹ በአሮጌ ጋላክሲዎች ውስጥ፣ ከፊሎቹም ከጋላክሲያቸው መሐል ርቀው ተገኙ። ይህ ለጥንድ ኒውትሮን ከዋክብት ይስማማል። ጥንዱን የወለዱት ሱፐርኖቫዎች ከትውልድ ሥፍራው ሊገፉት ይችላሉ፤ ከዋክብቱ እየተዟዟሩ እስኪጋጩም ብዙ ሚሊዮን፣ አንዳንዴም ቢሊዮን ዓመታት ያልፋሉ። በኦገስት 17 ቀን 2017 የስበት ሞገድ መሣሪያዎች እንዲህ ያለውን ግጭት ሰሙ፤ ከ1.7 ሰከንድ በኋላም አጭር የጋማ ጨረር ብልጭታ ተከተለ። ሥፍራው 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ በሚርቀው፣ አሮጌ ከዋክብት በሚበዙበት ኤንጂሲ 4993 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ ነበር። ከግጭቱ የተረፈው ብርሃንም ወርቅን የመሳሰሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች በዚህ መንገድ እንደሚፈጠሩ አመለከተ።

ተማሪዎች ሆይ፣ «ረጅም ከሆነ የግዙፍ ኮከብ ሞት፣ አጭር ከሆነ ግጭት» የሚለው ሕግ ለፈተና የሚመች ነው። በዲሴምበር 11 ቀን 2021 የታየው ፍንዳታ ግን 50 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሳለ ሱፐርኖቫ አልታየበትም። ይልቁንም የኒውትሮን ከዋክብት ግጭት የሚያስከትለው ዓይነት ብርሃን ታየበት፤ ሥፍራውም ከአንድ ጋላክሲ መሐል 26,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ነበር። በቆይታው ብቻ ቢፈረድበት ኖሮ ከማይመለከተው ወገን ይመደብ ነበር።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። አስተናጋጅ ጋላክሲ ብርቱ ምስክር ነው፤ ሆኖም የሚመሰክረው ከሁሉ ይልቅ ስለ ብዙ ፍንዳታዎች ጠቅላላ ጠባይ ነው። ስለ አንድ ነጠላ ፍንዳታ ለመፍረድ ሰፈሩን፣ ቆይታውንና ተከትሎ የሚታየውን ብርሃን አንድ ላይ መጠየቅ ይገባል። ክርክር ሲገጥማችሁም በእጃችሁ ያለውን ዓይነት ማስረጃ ከማብዛታችሁ በፊት፣ ሁለቱን ሐሳቦች ሊለይ የሚችለው የትኛው ዓይነት ማስረጃ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።