ሰባራ ባቡር፤ ስለ መግዛት፣ ስለ መጠገንና ስለ መድን

ባለፈው ሰሞን አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ከሰሜን አሜሪካ ደውሎ «ቤት ገዛሁ» አለኝ። በጊዮርጊስ ሰፈር አብረን ያደግን ነንና እንኳን ደስ ያለህ ልለው አፌን ስከፍት፣ «ጎማ ያለው ቤት ነው» ብሎ ሳቀ። የገዛው ከመኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት የጉዞ ቤት ነው። ፈረንጆቹ ካራቫን ይሉታል፤ የእኛ አገር ሾፌር ቢያየው «ተሳቢ» ብሎት ያልፋል። አካሉ የቆርቆሮ ወይም የጣውላ ሳይሆን የፋይበርግላስ ነው። ዕድሜው ደግሞ ከእኔና ከእርሱ ዕድሜ ይስተካከላል።

«ሰውዬ፣ ዐርባ ዓመት ባለፈው ዕቃ ላይ ገንዘብህን አፈሰስህ?» አልሁት። መልሱ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ እኔም ሳልሰለች አደመጥሁት።

እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. በካናዳዋ የዊኒፔግ ከተማ ሬይ ኦሌኮ የተባለ ሰው፣ ቀደም ሲል የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ታንከር በሠራበት ፋይበርግላስ ቀላል የጉዞ ቤት ሠራ፤ ስሙንም ቦለር አለው። ሁለት ቅርፊቶች እንደ እንቁላል ተገጣጥመው የሚሠሩት ነውና ውኃ የሚያስገባ ስፌት አይበዛበትም፤ የሚበሰብስ የእንጨት ግድግዳም የለውም። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. ቢቆምም ቤቶቹ ዛሬም በመንገድ ላይ ናቸው። ጓደኛዬ እንደሚለው ለዚህ ዕድሜ ያበቃቸው ቁሱ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቶቻቸው የሚያደርጉላቸው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ጥገና ነው። ፋይበርግላስ አይዝግም፤ ይሁንና ፀሐይ ወዙን ትመጠዋለች፣ በመስኮቱና በጣሪያው መተንፈሻ ዙሪያ ያለው ማሸጊያም እየደረቀ ዝናብ ያሾልካል። ስለዚህ በየዓመቱ ማሸጊያው ይፈተሻል፣ አካሉ በሰም ይወለወላል፣ የጎማው ኩሽኔታ ተፈትቶ ግራሶ ይቀባል። ጎማው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም ዕድሜው ሲደርስ ይቀየራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ የሚከርም ጎማ ሳይሮጥ ይሰነጠቃልና።

ሁለተኛው መድን ነው። ተሳቢው በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በአብዛኛው የጎታቹ መኪና መድን ይሸፍነዋል፤ በራሱ በተሳቢው ላይ ለሚደርሰው ግን የራሱ ውል ያስፈልገዋል። ተራው ውል የእርጅና ተቀናሽ አስልቶ ይከፍላል፤ በደንብ የተያዘ የፋይበርግላስ ቤት ግን ተፈላጊ ነውና ዋጋው እንደ ሌላው አይወርድም። ስለዚህ ብልህ ባለቤት ዋጋውን ከመድን ሰጪው ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ በውሉ ላይ ያስጽፈዋል። ሦስተኛው ማሻሻል ነው። ጓደኛዬ በጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ተክሏል፤ ደረሰኙን አስቀምጦ ለመድን ድርጅቱም አሳውቋል። መድን ሰጪ ላልተነገረው ነገር አይከፍልም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በሐሳቤ የመጣው የአሜሪካ አውራ ጎዳና አልነበረም። ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ ያለ፣ በልጅነታችን ስሙን እንደ ዋዛ ስንጠራው የኖርነው አንድ ሰፈር ነው፤ ሰባራ ባቡር።

በ1896 ዓ.ም. ገደማ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ የመንገድ መዳመጫ አዲስ አበባ አስገባ። እየጨሰ በገዛ ኃይሉ የሚሄድ ብረት ነበርና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ባቡር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን በሐዲድ ለሚሄደው ብቻ የተለየ አልነበረም፤ የእህል ወፍጮውንም ባቡር የሚሉ ሽማግሌዎችን ብዙዎቻችን ደርሰንባቸዋል። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። የሰርኪስ ባቡር ግን ተሰበረ፤ በተሰበረበትም ቀረ፤ ሰፈሩም ስሙን ወረሰ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በልልኝ። ሰፈሩ የተሰየመው በባቡሩ መምጣት አይደለም፤ በመሰበሩ ነው። አንድን መኪና ከባሕር ማዶ ማምጣት አንድ ነገር ነው፤ እንዲቆይ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ለመቆየት የሚጠግን እጅ፣ ኪሳራውን የሚያካፍል መድን፣ ሁለቱንም ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ይሻል። የእኛ የመቶ ሃያ ዓመት የመኪና ታሪክ መኪናው ቀድሞ ገብቶ እነዚህ ሦስቱ ዘግይተው የደረሱበት ታሪክ ነው።

ከእጁ እንጀምር። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ አመጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ሌላ መኪና ይዞ ደረሰ። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ፣ በእኔ ግምት ከሁለቱም መኪኖች የበለጠ ዘመናዊ የሆነ ሥራ ሠሩ፤ አንጥረኛውንና ሸማኔውን የመሰለውን ባለእጅ በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ገንዘብ ያለው መኪናን ከየትም ያመጣል። ብረት የሚያውቀውን ሰው «ቡዳ» እያሉ ከማኅበር እያራቁ ግን ጠጋኝ ማግኘት አይቻልም። ዐዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ ዕድሜ በላይ ኖረ።

ለዚህ ምስክር የሚሻ ወደ ማንኛውም ጋራዥ ጎራ ብሎ ጆሮውን ይስጥ። ኩሽኔታ፣ ባልስትራ፣ ካንዴላ፣ ፓራፋንጎ፣ ላሜራ፣ ግራሶ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። በየዓመቱ በመስታወታችን ላይ የምንለጥፋት ቦሎ፣ የሰፈራችን መጠሪያ ፒያሳም እንዲሁ። ቃል ባለሙያውን ተከትሎ ይመጣል። የራሱን ባለእጅ ሲሰድብ የኖረ ሕዝብ የሙያውን ቋንቋ ከባዕድ መካኒክ ቢዋስ ሊገርመን አይገባም።

ሆኖም ፍርደ ገምድል እንዳልሆን እፈራለሁ። የተማሪዎቹ ልጆች መምህራኑን አስንቀዋል። በፒያሳ ዳገት ለአሥርት ዓመታት ሲንፏቀቁ የኖሩትን ሰማያዊና ነጭ ሰይቼንቶ ታክሲዎች በሕይወት ያቆዩአቸው የሠራቸው ፋብሪካ ሳይሆን የአዲስ አበባ መካኒኮች ናቸው። ከኋላ አካላቸው ተሠርቶ፣ ተሳፋሪን ፊት ለፊት የሚያስተያይ አግዳሚ የተገጠመላቸውና በደርግ ዘመን የውይይት መድረክ ስም «ውይይት» የተባሉት ታክሲዎችም የእነዚሁ እጆች ሥራ ናቸው። ጓደኛዬ በአሜሪካ «ማሻሻል» የሚለውን የእኛ ላሜራ ቀጥቃጮች ያለ መመሪያ መጽሐፍ ሲያደርጉት ኖረዋል። የጎደላቸው ችሎታ አይደለም፤ ችሎታቸውን በዕቅድና በበጀት ውስጥ የሚያስገባ መንግሥት ነው።

መድንስ? አባቶቻችን መድንን አያውቁትም ማለት ስሕተት ነው። እድር ማለት ሐዘን በአንድ ቤት ላይ ሲወድቅ ሸክሙን መቶ ቤት እንዲካፈለው አስቀድሞ መዋዋል አይደለምን? ግን እድር ሰው ሲሞት እንጂ መኪና ሲሰበር አይደርስም። ዘመናዊው መድን በ1898 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ከአቢሲንያ ባንክ ጋር መጣ፤ ባንኩ የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ መድን ይሸጥ ነበር። የአገር ውስጥ የሆነው ኢምፔሪያል የመድን ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. ነው። ደርግ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐሥራ ሦስት የመድን ኩባንያዎችን ወረሰ፤ የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም በእነርሱ ምትክ ቆመ። የግል ኩባንያዎች እንደ ገና የተፈቀዱት በዐዋጅ ቁጥር 86/1986 ነው። ለሃያ ዓመታት ያህል አንድ ሻጭ ብቻ በነበረበት ገበያ ውስጥ ደንበኛ ውል ማንበብንና መደራደርን ከየት ይማራል? ዛሬም ብዙዎቻችን የመኪናችን ዋጋ በእጥፍ ሲንር በውሉ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ሳናስተካክል እንቀመጣለን። አደጋ ሲደርስ ታዲያ መድን ሰጪው በተጻፈው መጠን አስልቶ ሲከፍል ተታለልን እንላለን።

ሕጉ ከሁሉም ዘገየ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ብሎ ነበር። ለዘመኑ ድንቅ ድንጋጌ ነው። ነገር ግን ኀላፊነቱ ከማን ኪስ እንደሚከፈል መልስ አልነበረውም። ከመኪና ፊት ምንም የሌለው እግረኛ ተገጭቶ ሲሞት፣ ባለመኪናውም ድኻ ከሆነ፣ የሟች ልጆች የፍርድ ወረቀት ታቅፈው ይቀሩ ነበር። ባለመኪናው ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ የሚያስገድደው ዐዋጅ ቁጥር 559 የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ በ2005 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ኀላፊነቱን ከሚደነግገው ሕግ እስከ መክፈያው ሕግ ዐርባ ስምንት ዓመት! ይህንን የአገሬ ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይለዋል። የመጀመሪያው ዐዋጅ ሲወጣ ደግሞ ለሰው ሞት የተቀመጠው የካሳ ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት የተቀመጠው 100,000 ብር ነበር። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየቱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

አሁን ወደ ጊዮርጊስ እንመለስ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። በ475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው ከቻይና በተገኘ ብድር፣ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ተዘርግቶ፣ 41 ባቡሮች ተገዝተው ነበር። የሰሜኑ ጫፍ የምኒልክ አደባባይ ሆነ፤ ከሰባራ ባቡር የቅርብ መንገድ ማለት ነው። ለግንባታው ሲባል ከስፍራው ተነሥቶ የነበረው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም በኋላ ተመለሰ። ባቡሮቹ ግን ዓመታት ሳይሄዱ በመለዋወጫና በጥገና እጦት እየቆሙ፣ አብዛኞቹ ከአገልግሎት ውጭ መሆናቸው በተደጋጋሚ ተዘገበ። የሰርኪስ ባቡር አንድ ነበር። በመቶ ዓመቱ የተማርነው የሰባራውን ቁጥር ማብዛት ነበርን?

ይህን የምለው በባቡሩ ለመሳለቅ አይደለም፤ በርካሽ ዋጋ ያመላለሰኝ ባቡር ነው። የምለው መንግሥታዊ ልማዳችን ምርቃትን እንጂ ጥገናን ስለማያከብር ነው። ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን በዜና ይታያል፤ ኩሽኔታ የሚያስለውጥ ኀላፊ አይታይም። በቤቶቻችን ላይም የደረሰው ይኸው ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከፈረሱት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ኪራይ ሲከፈልባቸው ቆርቆሮአቸው ያልተለወጠ ብዙ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። ያልተጠገነ ነገር አንድ ቀን «አርጅቷልና ይፍረስ» ለሚል ሰው ምክንያት ይሆናል፤ የማርጀቱን ጥፋት ግን ማንም አይወስድም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ባቡር እየገባ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ፤ የኤሌክትሪክ መኪኖችም መንገዱን እየሞሉት ነው። ነዳጅ በዶላር ለሚገዛና ኤሌክትሪክ ከውኃ ለሚያመነጭ አገር ዐሳቡ ትክክል ነው፤ አልቃወመውም። ጥያቄዬ የሰርኪስ ባቡር ጥያቄ ነው። ከመኪናው ዋጋ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ባትሪ ሲጎዳ ማን ይፈታዋል? መድን ሰጪው የባትሪን ጉዳት የሚገምት ባለሙያ አለውን? ውሉስ ባትሪው ሲያረጅና ሲገጭ ያለውን ልዩነት ለይቶ ጽፏልን? ኩሽኔታ ብሎ የተማረው መካኒካችን የአዲሱን ዕቃ ስም ከማን ይማራል?

እነዚህ የመሐንዲስ ጥያቄዎች ብቻ አይደሉም፤ የፖለቲካ ጥያቄዎች ናቸው። መልሳቸው በግዢ ውል ውስጥ የመለዋወጫና የሥልጠና አንቀጽ ማስገባት፣ ለእያንዳንዱ ትልቅ ግዢ የጥገና በጀት አብሮ ማጽደቅ፣ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤትን የወደቁ ተማሪዎች ማረፊያ አድርጎ ማየትን መተው ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ለዚህ ፍልስፍና ባዕድ አይደለም።

ጓደኛዬ በሚመጣው ክረምት ያንን የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ቤቱን ጎትቶ ልጆቹን ሊያዞር አስቧል። ዕቃው አሮጌ ነው፤ ግን በየዓመቱ የሚዳስሰው እጅ፣ ዋጋው በስምምነት የተጻፈበት ውል አለው። እኔ ደግሞ ነገ ጠዋት በሰባራ ባቡር በኩል አልፌ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። የሰፈሩ ስም ታሪካችን ነውና እንዲቀየር አልፈልግም። ሌላ ሰፈር በዚያው ስም እንዲጠራ ግን አልፈልግም።

ቸር እንሰንብት።