«ባሪያትሪክ» ወይም የክብደት ቀዶ ሕክምና፤ ለማን ይገባል?

«ባሪያትሪክ» የሚለው የሕክምና ቃል ከሁለት የጽርዕ ቃላት የተሠራ ነው፤ «ባሮስ» ክብደት፣ «ያትሮስ» ደግሞ ሐኪም ማለት ነው። ከሁለቱ ተጋጥሞ የወጣው ስም በመሠረቱ ስለ ክብደት የሚደረገውን ሕክምና ሁሉ የሚያጠቃልል ቢሆንም፣ ዛሬ በሐኪሞች አፍ አዘውትሮ የሚነገረው ጨጓራን በማሳነስ ወይም የአንጀትን መንገድ በማዛወር ለሚፈጸመው ቀዶ ሕክምና ነው። በእኛ ሰዎች ዘንድ «ክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን» ሲባል ይሰማል። እኔ ግን «የክብደት ቀዶ ሕክምና» ማለትን እመርጣለሁ፤ «መቀነሻ» ሲባል ውጤቱ አስቀድሞ ቃል የተገባ ይመስላልና፤ ነገሩ ግን እንደ ሌላው ሕክምና ሁሉ የሚገባውም የማይገባውም ሰው አለ። በአሜሪካ የዚሁ ቀዶ ሕክምና ባለሞያዎች ማኅበርም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) «ሜታቦሊክ» የሚለውን ቃል በስሙ ላይ ጨምሮ፣ ሥራው ክብደትን ብቻ ሳይሆን ምግብ በሥጋ ውስጥ ወደ ኃይልና ወደ ስብ የሚለወጥበትን ሥርዓት ጭምር የሚነካ መሆኑን አስታውቋል።

ጥበቡ የተጀመረው በስሕተት መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1954 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሐኪሞች የትንሹን አንጀት አብዛኛውን ክፍል ምግብ እንዳያልፍበት አድርገው ቀጠሉት፤ ከዚያ በኋላ ይህ ዐይነቱ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ክብደታቸው በእርግጥ ቢወርድም፣ በማያቋርጥ ተቅማጥ፣ በኵላሊት ጠጠርና በጉበት ሕማም ስለ ተሠቃዩ ዘዴው ውሎ አድሮ ተተወ። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን ግን ስለ ቍስለት ጨጓራቸው በከፊል የተቈረጠላቸው ሴቶች እንደ ቀድሞው ለመወፈር እንደሚቸገሩ አስተውሎ ኖሮ፣ በ1966 ጨጓራን ራሱን አሳንሶ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘውን ሕክምና ጀመረ፤ ዛሬ «ባይፓስ» የሚባለውም የዚያ ተወላጅ ነው።

በዛሬው ጊዜ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው «ስሊቭ» የሚባለው ሲሆን፣ ከጨጓራው ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ተቈርጦ ይወጣል፤ የወጣው አይመለስም። ከሚወጣው ክፍል ጋር የረኃብን ስሜት የሚቀሰቅሰው «ግረሊን» የሚባለው ንጥረ ቅመም በብዛት የሚመነጭበት ስፍራም አብሮ ስለሚሄድ፣ ሕመምተኛው ትንሽ የሚበላው ጨጓራው ስለ ጠበበ ብቻ ሳይሆን የምግብ ፍላጎቱም ስለሚቀንስ ነው። ሁለተኛው ባይፓስ ነው፤ ከጨጓራው ጫፍ የግማሽ ሲኒ ያህል የምትይዝ ከረጢት ተለይታ ትቀርና፣ ምግቡ ከእርስዋ በቀጥታ ወደ መካከለኛው የትንሹ አንጀት ክፍል እንዲወርድ ይደረጋል። ሐኪሞችን ያስደነቀው የባይፓስ ጠባይ፣ በሁለተኛው ዐይነት የስኳር ደዌ የተያዙ ብዙ ሰዎች ክብደታቸው ገና ሳይቀንስ፣ በቀዶ ሕክምናው ማግስት ባሉት ቀናት ስኳራቸው መውረድ መጀመሩ ነው። ከ1987 ጀምሮ በስዊድን ከ4,000 የሚበልጡ ሰዎችን ለብዙ ዘመን የተከታተለው ጥናትም፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ወገን የሞቱት ካልተደረገላቸው ያነሱ መሆናቸውን በ2007 አሳይቷል።

ታዲያ የሚገባው ለማን ነው? ሐኪሞች አስቀድመው የሚይዙት መሥፈርት ክብደትን በኪሎ፣ በራሱ ለተባዛ የሜትር ቁመት በማካፈል የሚገኘው «ቢ ኤም አይ» የሚሉት ቍጥር ነው። አንዲት ቁመቷ 1.65 ሜትር የሆነ ሴት 110 ኪሎ ብትመዝን ቍጥሯ 40 ያልፋል፤ 96 ኪሎ ብትመዝን ከ35 ጥቂት ይበልጣል። በ1991 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሰበሰቡ ሊቃውንት ቀዶ ሕክምናውን ቍጥራቸው 40 ለደረሰ፣ ወይም 35 ደርሶ ከባድ ተጓዳኝ ደዌ ላለባቸው ወስነውት ነበር፤ በ2022 የወጣው አዲሱ መመሪያ ግን ተጓዳኝ ደዌ ባይኖርም ከ35 ጀምሮ፣ የስኳር ሕመም ላለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ እንዲታሰብ ይመክራል። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት መሠረቱን የጣለው በ19ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው የቤልጅጉ ሊቅ ኬትሌ ሲሆን፣ ያሰበውም የሕዝብን አማካይ ለማጥናት እንጂ አንዱን ሰው ለመመርመር አልነበረም፤ ስቡን ከጡንቻው አይለይም። ስለዚህ ቍጥሩ ደጁን ይከፍት እንደ ሆነ እንጂ «ግባ» አይልም።

ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚፈራውን ነገር በመምረጥ ላይ ነው። የሚፈራው ቢላዋውን ነው፤ ነገር ግን ሥራው በሠለጠኑ ማዕከሎች በትናንሽ ቀዳዳዎች በኩል ስለሚፈጸም፣ መድማት፣ የስፌት ማፍሰስና የደም መርጋት አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ ቢሆኑም፣ የሚሞተው ከሺህ አንድ ገደማ ነው። ይልቅስ ሊታሰብበት የሚገባው ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈሳሽ ብቻ፣ ያውም ፉት እየተባለ፤ ከዚያ የላመ፤ ከዚያም በቀስታ የታኘከ። ምግብና ውሃ ባንድነት አይወሰዱም። በፍጥነት የበላ ወይም ጣፋጭ ያበዛ የባይፓስ ሰው ልቡ እየመታ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ሆዱን እየቈረጠው ይተኛል። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቪታሚን ዲ እስከ ዕለተ ሞት ይዋጣሉ፤ ደምም በየዓመቱ ይመረመራል። አይቡፕሮፌንን የመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች ለባይፓስ ሰው ቍስለት ስለሚያመጡ ይከለከላሉ። አልኮል ቶሎ ወደ ደም ስለሚገባ ቀድሞ የማያሰክር ብርጭቆ ያሰክራል። ሴቲቱም ለመፀነስ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተመንፈቅ እንድትቈይ ትመከራለች።

ይህ ሁሉ በእኛ ማዕድ ላይ ሲመጣ ሌላ መልክ ይይዛል። እንጀራ በውሃ የሚያብጥና የሚጣበቅ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለብዙዎች የሚከብድ ምግብ ነው፤ ጠባብ በሆነች ጨጓራ ውስጥም አስቀድሞ ስፍራ ማግኘት ያለበት ፕሮቲን ነው። በአንድ ትሪ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ከአምስት ጉርሻ በኋላ እጁን ሲሰበስብ፣ እናት ወይም አክስት «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» ብለው ከወጡ ሥጋ መርጠው፣ በእንጀራ ጠቅልለው ወደ አፉ ያስጠጋሉ፤ እርሱም ያችን ጉርሻ ቢቀበል ሊያስታውክ፣ ባይቀበል ሊያስቀይም ነው። ቤተ ዘመዱ አስቀድሞ ካልተነገረው ይህ በየሰንበቱ የሚመላለስ ፈተና ይሆናል። ጾሙም እንዲሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መቈየት ውሃን በፉት ብቻ መጠጣት ለሚችል ሰው አደጋ ነው፤ በጾም ቀን እንቍላልና ወተት ሲከለከሉም ፕሮቲኑ ከሽሮ፣ ከምስርና ከአኩሪ አተር መምጣት አለበት። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ጾሙን የምታቀል ስለ ሆነ፣ ጉዳዩን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለንስሐ አባት መንገር ይበጃል፤ ረመዳንን የሚጾምም ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ መማከር ይገባዋል።

ውጤቱስ? በአማካይ ከጠቅላላው ክብደት በመቶ 25 እስከ 30 የሚሆነው በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ይወርዳል፤ ያች 110 ኪሎ የነበረችው ሴት እንግዲህ 80 አካባቢ ትደርሳለች ማለት ነው። መገጣጠሚያዋ ይቀልላታል፣ እንቅልፏ ይስተካከላል፤ የተንጠለጠለው ቆዳ ግን አብሮ አይሄድም፣ ከዓመታት በኋላም የተወሰነው ክብደት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። መጠጥ ያልተወ፣ ትምባሆ የሚያጨስ፣ ወይም የመንፈስ ጭንቀቱ ያልታከመለት ሰው መጀመሪያ ያንን ይታከም ቢባል ክልከላ አይደለም፤ በሐዘንና በብስጭት ጊዜ በምግብ ይጽናና የነበረ ሰው ያ መጽናኛ በአንድ ቀን ሲወሰድበት የሚሆነውን ሐኪሞቹ ስለሚያውቁት ነው።

ከ2021 ወዲህ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋው ሰማግሉታይድ የሚባለው መድኃኒት ለክብደት ሕክምና በአሜሪካ ስለ ተፈቀደ፣ አንዳንዱ ቀዶ ሕክምናው አበቃለት ይላል። አላበቃለትም፤ መርፌው ሲቆም ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ነገር ግን መድኃኒቱን ሞክሮ መወሰን ለሚችል ሰው ጊዜ ይሰጠዋል።

ዋጋው ቀነሰ ብሎ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ህንድ የሚሄድ ሰውም ስለ አውሮፕላኑና ስለ አልጋው ከመጠየቁ በፊት፣ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚከታተለው ሐኪም ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ምን ዐይነት ቀዶ ሕክምና እንደ ተደረገለትና አንጀቱ በየት በኩል እንደ ተቀጠለ የሚገልጸውን ወረቀትም ሳይቀበል አይመለስ፤ ከዓመታት በኋላ በሌሊት ሆዱን ሲያመው፣ አንጀት በአንጀት ላይ ታጥፎ ሊሆን ስለሚችል፣ በድንገተኛ ክፍል የሚያገኘው ሐኪም አስቀድሞ የሚፈልገው ያንን ወረቀት ነው።