ከምንጮቹ በላይ የተቆረቆረች ከተማ

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ግርጌ፣ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። የተቆረቆረችው ግን ከምንጮቹ በላይ ነው። የውኃዋም፣ የፍሳሿም፣ የመንገዷም ታሪክ ከዚህ አቀማመጥ ይነሣል።

የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ቀድሞ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለችው ደጋማዋ ጨንቻ ነበረች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አገረ ገዥው ደጃዝማች አዕምሮሥላሴ አበበ መቀመጫውን ወደ ቆላ አወረዱት። አዲሲቱ ከተማ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ቁልቁል እያየች በሁለት ሰፈር ተከፍላ አደገች፤ ከላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያሉባት ሴቻ፣ ከታች ገበያ የደራባት ሲቀላ። በመካከላቸው 4 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ለአንዲት ከተማ ሁለት መሐል መኖሩ ቧንቧውንም መንገዱንም ያስረዝማል።

ምንጩ ከታች ስለሆነ ውኃው በፓምፕ ወደ ማጠራቀሚያ ጋን መውጣት አለበት፤ ከዚያ ወዲያ ነው በራሱ ክብደት ወደ ቤቱና ወደ ቦኖው የሚወርደው። ስለዚህ የከተማዋ ችግር የውኃ እጥረት ሳይሆን የማንሳት ወጪ ነው። መብራት ከጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ መጀመሪያ የሚጠማውም ከፍ ያለው ሰፈር ነው።

በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 40,020 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 74,879 ደረሰ። ይህ በዓመት 5 በመቶ ያህል ዕድገት ነው። በዚህ ፍጥነት ሕዝብ በ14 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ለ20 ዓመት ታስቦ የሚቀበር ቧንቧ ዕድሜው ሳያልቅ ከሁለት ዕጥፍ ተኩል በላይ ሰው ይጠብቀዋል ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ለመዋቅራዊ ፕላን የሰጠው ዕድሜ 10 ዓመት ነው፤ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ግን ከፕላኑ አልፎ ይኖራል።

ፍሳሹ ከሁሉ ወደ ኋላ የቀረ ነው። ከተማዋ ያደገችው በቱቦ መስመር ሳይሆን በጉድጓድ መጸዳጃ ነው። በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም ዩኒቨርሲቲው በተሳተፈበት ሮዛ በተባለው ፕሮጀክት ሽንትንና ዓይነ ምድርን የሚለይ ደረቅ መጸዳጃ በከተማዋ ተሞከረ። ሙከራው ቆሻሻን ወደ ማዳበሪያ የመቀየር ሐሳብ ነበረው፤ ከጉድጓድ የሚሰርግ ፍሳሽ ወደ ምንጩ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከምንጭ በላይ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው።

ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና ግንቦት፣ ከዚያም በመስከረምና ጥቅምት ይበረታል። ከጋሞ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ አፈር ጠራርጎ ወደ ሐይቆቹ ያወርዳል፤ የአባያ መልክ የቀላውም በዚሁ ደለል ነው። መንገድ በአስፋልት ሲሸፈን ውኃው ወደ መሬት መስረጉን ትቶ ይሮጣል፤ ስለዚህ የጎርፍ ቦይ ከመንገዱ ጋር እንጂ ከመንገዱ በኋላ አይታሰብም። ኮብልስቶን እዚህ ላይ ጥቅም አለው፤ ቧንቧ ሲቀበር ድንጋዩ ተነቅሎ መልሶ ይነጠፋል። አስፋልት ግን ከተቆረጠ ጠባሳው አይጠፋም።

ምንጮቹና ደኑ በ1966 ዓ.ም. የተመሠረተው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ይዞታ ናቸው። በመጪው ፕላን ከማናቸውም መሬት ቀድሞ መከለል ያለበት ከምንጮቹ በላይ ያለው ቁልቁለት ነው።