የገና ካርድና የቀለም ቀቢዎቹ እጆች

እ.ኤ.አ. በ1843 በለንደን ከተማ ሔንሪ ኮል የተባለ የመንግሥት ሹም ለወዳጆቹ የሚልከውን የገና ሰላምታ ሠዓሊው ጆን ሆርስሊ በካርድ ላይ እንዲነድፍለት ጠየቀ። 1000 ያህል ቅጂ በድንጋይ ማተሚያ ታትሞ ቀለሙ በእጅ ተቀባ። በሥዕሉ መካከል አንድ ቤተሰብ ጽዋ ሲያነሣ፣ በግራና በቀኙ የተራበ ሲበላ፣ የታረዘ ሲለብስ ይታያል። ይሁን እንጂ የአንዱ ካርድ ዋጋ 1 ሽልንግ ነበርና ሥዕሉ ያዘነለት ድኻ ካርዱን ሊገዛው አይችልም ነበር።

ቀለም የተቀባ ሥዕልን ከሰፊው ሕዝብ እጅ ያደረሰው ሌላ ዘዴ፣ ስቴንስል ነው። በዚያው ምእተ ዓመት በፈረንሳይ አገር፣ በኤፒናል ከተማ፣ የፔለራን ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ለእያንዳንዱ ቀለም ቅርጹ ተቆርጦ የወጣለት ስስ ሰሌዳ ነበራቸው። ሰሌዳው በታተመው ወረቀት ላይ ይነጠፋል፤ ብሩሽ ያልፍበታል፤ ቀዩ ሲያበቃ ሰማያዊው ይተካል። ሥዕሉም በአነስተኛ ዋጋ ከገበሬው ቤት ገባ። በወረቀቱ ግርጌ የሚነበበው ግን የአታሚው ስም እንጂ የቀቢዎቹ አልነበረም።

ዛሬ አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ካርቶን ቆርጦ፣ ቀለም ነክሮ የገና ካርድ ሲሠራ፣ የተለያዩት ነዳፊና ቀቢ በአንድ እጅ ይገናኛሉ። ከካርዱ ጀርባ የሚጻፈውም የሠሪው ስም ነው።